ቆርቆሮው ከግድግዳው ይቀድማል፦ የድሬዳዋ መስመር የጥገና ሼድ በ1፡87

ሀና፦ ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያለው የባቡር ጥገና ሼድ ነው። ሁለት ሐዲድ ይገባበታል፣ ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ተቆርጦ የተዘጋጀ ኪት ገዝቶ መገጣጠም አይደለም፤ ከባዶ ካርቶን ተነስቶ በ1፡87፣ ማለትም ከእውኑ 87 ጊዜ አሳንሶ መሥራት ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ የድሮው የጅቡቲ አዲስ አበባ መስመር።

ብሩክ፦ አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። የድሬዳዋው ወርክሾፕ ግልባጭ አይደለም። የዚያን መስመር ልክ የያዘ፣ ጠረጴዛ ላይ እንዲበቃ ታስቦ የተቀነሰ ሼድ ነው።

ሀና፦ ድሬዳዋ ደግሞ ያለ ባቡር አትታሰብም።

ብሩክ፦ ከተማዋ የተቆረቆረችው ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ዋናው የጥገና ቦታ እዚያው ድሬዳዋ ቀረ። ለሞዴል ሠሪ ግን ከዓመቱ ይልቅ የሚጠቅመው የሐዲዱ ስፋት ነው፤ ልክ 1 ሜትር።

ሀና፦ በ1፡87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ይመጣል፤ በገበያ የሚሸጠው ሐዲድ 12 ሚሊ ነው። ኤች ኦ ኤም የሚባለው። ግማሽ ሚሊዋን ዓይን አይይዛትም።

ብሩክ፦ አይይዛትም። የ1 ሜትሩ ጥቅም ሌላ ነው። ፕላን የሌለው ሕንፃ ስትሠሪ በእጅሽ ያለው ፎቶ ብቻ ነው። ሐዲዱ በሩን አቋርጦ ሲገባ የሚያሳይ ፎቶ ካገኘሽ፣ ማስመሪያው ፎቶው ውስጥ አለ ማለት ነው። በወረቀት ላይ የሐዲዱ ውስጥ ለውስጥ ስፋት 8 ሚሊ፣ በሩ 32 ሚሊ ከሆነ በሩ 4 ሜትር ነው።

ሀና፦ ቆይ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚለካው ሐዲዱ በሩ ደፍ ላይ ባለበት ቦታ ነው። ወደ ካሜራው ቀረብ ያለውን ከለካህ ሐዲዱ ሰፍቶ 10 ሚሊ ይሆንና በሩ 3 ሜትር ከ20 ነው ትላለህ። ከዚያ ሎኮሞቲቩ በራሱ ቤት አይገባም።

ብሩክ፦ ፎቶውም ፊት ለፊት የተነሳ መሆን አለበት፤ በሰያፍ የተነሳ ከሆነ አይሠራም።

ሀና፦ ርዝመቱስ? የጎኑ ፎቶ ላይ ሐዲድ የለም።

ብሩክ፦ ቆርቆሮ መቁጠር ነው። እኔ ሁልጊዜ ከጣሪያው ጀምሩ የምለው ለዚህ ነው። ሰው ግድግዳውንና መስኮቱን ሲያሳምር ይከርምና ጣሪያውን በመጨረሻ ሰዓት አንድ ወጥ ወረቀት ያለብሰዋል። ሞዴል ደግሞ ከላይ ነው የሚታየው! ጠረጴዛ ላይ ቆመሽ የምታዪው ጣሪያውን ነው።

ሀና፦ በዚያ ላይ ርዝመቱን የሚወስነውም እሱ ነው። ስሌቱን እንበለው።

ብሩክ፦ እሺ። የቆርቆሮው ሸንተረር ከአንዱ ጫፍ እስከ ቀጣዩ 7 ሳንቲም ሜትር አካባቢ ብለን እንያዝ፤ በእኛ ስኬል 0.8 ሚሊ። አንዱ ቆርቆሮ 13 ሸንተረር ይኑረው፤ 10.4 ሚሊ ሰፋ፣ በእውኑ 90 ሳንቲም። ሲነጠፍ አንድ ሸንተረር በጎረቤቱ ላይ ስለሚደረብ የሚታየው 9.6 ሚሊ ነው። ሕንፃው 24 ሜትር ከሆነ 276 ሚሊ ይመጣል፤ በሁለቱም ጫፍ 4 ሚሊ ክፈፍ ስትጨምሪ ጣሪያው 284። ስለዚህ በርዝመቱ 30 ቆርቆሮ ይሰለፋል፣ የመጨረሻው ትንሽ ይቆረጣል።

ሀና፦ ወደ ታች ደግሞ ሦስት ረድፍ። ስፋቱ 12 ሜትር፣ ማለትም 138 ሚሊ ነው፤ ግማሹ 69። ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ሲሆን ከአናት እስከ ግድግዳው 76 ሚሊ፣ ከክፈፉ ጋር 80። ቆርቆሮው 28 ሚሊ ይረዝማል፣ 2 ሚሊ ይደረባል፤ 28፣ 26፣ 26። በጎን 90፣ በድምሩ 180 ቆርቆሮ።

ብሩክ፦ 210 አዘጋጁ። የሚቀደድ አለ፣ ወድቆ የሚጠፋም አለ።

ሀና፦ አሁን ወደ አሠራሩ። ቁሱ ከቴክአዌይ የአሉሚኒየም ዕቃ ላይ የሚገኘው ጠፍጣፋ ወለል ነው። ወጥ ቤት ያለው ጥቅል ፎይል ከተጫኑት ወዲያው ይቀደዳል፤ ሳይቀደድ ቢቀር እንኳ ጣት ሲነካው ሸንተረሩ ይጠፋል።

ብሩክ፦ ማተሚያው ደግሞ 0.8 ሚሊ ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው ጥምዝ ከሆነ አይሆንም። አንዱን ጫፍ በጉጠት፣ ሌላውን በጠረጴዛ ማሰሪያ ያዙትና ትንሽ እስኪለጠጥ ሳቡት፤ ቀጥ ይላል። ከዚያ 60 ሚሊ እያረጋችሁ 40 ቁረጡ፤ መስታወት ላይ ጎን ለጎን አስጠግታችሁ በሱፐር ግሉ ያዙ። 32 ሚሊ በ60 የሆነ ሸንተረራማ ሰሌዳ ይወጣል።

ሀና፦ ሱፐር ግሉው በሽቦዎቹ መሃል ካለው ስርጉድ ገብቶ ከሞላ ግን ሰሌዳው አለቀ። ጠብታው በሁለቱ ጫፎች ብቻ ይሁን።

ብሩክ፦ ልክ ነሽ። አሉሚኒየሙን በጠርሙስ ዳምጠሽ ታስተካክያለሽ፣ ሰሌዳው ላይ ትዘረጊያለሽ፣ ከዚያ በስቴኪኒ ወይም ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ስርጉዱን ተከትለሽ ትስቢያለሽ። የሚጀመረው ከመሃል ነው፤ ወደ ግራና ቀኝ እየወጡ። ከዳር ከጀመርሽ ብረቱ የሚገባበት ቦታ አጥቶ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ ሸንተረር ከጎኑ ትንሽ ብረት ይስባልና።

ሀና፦ በአንድ ማተም ስድስት ቆርቆሮ ይወጣል፤ በስፋት ሦስት፣ በርዝመት ሁለት። 35 ጊዜ ማተም ነው፤ አንድ ምሽት ይበቃል። በጥርስ የተቀረጸ ብሎን ላይ ማንከባለልን የሚመክሩ አሉ። ባለ 5 ሚሊው ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 0.8 ሚሊ ስለሆነ ልኩ ይገጥማል፤ ግን ጥርሱ እየዞረ የሚወጣ ነው፣ ሲንከባለል መስመሩ 3 ዲግሪ ያህል ያጋድላል። 28 ሚሊ ቆርቆሮ ላይ ታየዋለህ።

ብሩክ፦ ያጋደለ ቆርቆሮ ደግሞ የፈረሰ ቤት ነው የሚመስለው።

ሀና፦ ወደ ግድግዳው እንምጣ፤ ይሄ አጭር ነው። የአርክቴክቸር ተማሪ የሚጠቀምበት ግራጫ ካርቶን፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ። የጎኑ ግድግዳ 69 ሚሊ ከፍታ፣ ማለትም 6 ሜትር። የፊትና የኋላው 138 ሚሊ ሰፍተው መሃላቸው 101 ሚሊ ይደርሳል።

ብሩክ፦ የጎኑ ርዝመት ግን 276 አይደለም፣ 273 ነው። የፊትና የኋላው ካርቶን ጫፉን ሸፍኖ ስለሚቆም ሁለት ጊዜ 1.5 ይቀነሳል። ይህን የረሳ ሰው ጣሪያውን ሲያስቀምጥ በ3 ሚሊ አጥሮ ያገኘዋል፤ የሠራውን 180 ቆርቆሮም ይረግማል።

ሀና፦ ከተማሪዎቹ ጋር የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ። በእጃቸው ያለው የስኬል ማስመሪያ 1፡100 ነው። በሩ በ1፡100 ተቆርጦ ሰውዬው በ1፡87 ከተገዛ፣ 1 ሜትር ከ70 የሆነው ሰው 19.5 ሚሊ ይቆማል፤ በሩ የታሰበው ለ17 ሚሊ ነው። ማስመሪያውን አስቀምጡና ሁሉንም ለ87 አካፍሉ።

ብሩክ፦ በሮቹ ሁለት ናቸው፤ እያንዳንዱ 46 ሚሊ ሰፋ፣ 57 ከፍ። ከፍታው የሚለካው ከሐዲዱ አናት ነው፣ ከወለሉ አይደለም! ሐዲድና ከስሩ የሚጋደመው ሲሊፐር ብቻ 4 ሚሊ ያህል ይበላል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የሚቆረጠው 61 ነው።

ሀና፦ ካርቶን እንዳይጣመም ምን ይደረግ? ልስኑን በስቱኮ ነው የምንሠራው፤ ስቱኮ ደግሞ ውሃ አለው።

ብሩክ፦ አንዱን ፊት ብቻ ያረጠብሽው ካርቶን እንደ ቅጠል ይጠቀለላል። መጀመሪያ ሁለቱንም ፊት፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ጭምር በቫርኒሽ ማሸግ። ከዚያ ስቱኮውን አቅጥኖ በብሩሽ መቀባት፣ ሲደርቅ በ240 ብርጭቆ ወረቀት ማሸት። አሸዋ እንዳትጨምሩበት፤ 1 ሚሊ የሆነች ፍሬ በእውኑ 8.7 ሳንቲም ድንጋይ ናት።

ሀና፦ ከውስጥ በየ69 ሚሊው የፊቱን ግድግዳ ቅርጽ የያዘ ፍሬም ይቆማል፤ ሦስት ፍሬም። መሃላቸው ለባቡሩ ይከፈታል። እነሱ ከሌሉ ጣሪያው በወር ውስጥ መሃሉ ይሰምጣል።

ብሩክ፦ መስኮቱን በአንድ ትንፋሽ ልበለው፦ የሸሚዝ ማሸጊያ ፕላስቲክ፣ በመርፌ የተጫረ መስመር፣ ግራጫ ቀለም ቀብቶ ወዲያው በጨርቅ መጥረግ። ቀለሙ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል። የብረት መስኮት ክፍልፋይ 4 ሳንቲም ቢሆን 0.46 ሚሊ ነው፤ ካርቶን ቆርጦ ያን ያህል ማቅጠን ራስን ማሠቃየት ነው።

ሀና፦ አሁን ቆርቆሮውን እናንጥፍ።

ብሩክ፦ ከስሩ 1 ሚሊ ካርቶን ይነጠፋል። ግን ከክፈፉ 2 ሚሊ ወደ ውስጥ ገብቶ ይቁም። ካርቶኑ እስከ ጠርዙ ከመጣ 8.7 ሳንቲም ውፍረት ያለው ቆርቆሮ ይመስላል፤ ሌላው ሥራ የቱንም ያህል ቢያምር ያቺ ጠርዝ ታጋልጠዋለች። የመጨረሻዋ 2 ሚሊ አሉሚኒየም ብቻ ትሁን።

ሀና፦ ማጣበቂያው ማስቲሽ ነው። ኮላ አሉሚኒየም አይዝም፤ ሱፐር ግሉ ደግሞ ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። ማስቲሹን በስሱ ቀብቶ፣ እጅ ላይ መያዙን እስኪተው ጠብቆ ማስቀመጥ። ከታችኛው ረድፍ ይጀመራል፣ ዝናብ እንደሚወርደው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል።

ብሩክ፦ እዚህ ያለው ትልቁ ጠላት የሚጠራቀም ስህተት ነው። በእያንዳንዱ ቆርቆሮ 0.2 ሚሊ ብትስቺ በ30ኛው 6 ሚሊ ወጥተሻል። ለዚህ በየ48 ሚሊው፣ ማለትም በየአምስት ቆርቆሮው፣ ካርቶኑ ላይ በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ነው። መስመሩ ላይ ስትደርሺ ካልገጠመ እዚያው ታስተካክያለሽ።

ሀና፦ ቀለም ከመቀባቱ በፊት አሉሚኒየሙ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በረጠበ ጨርቅ ይጠረግ፤ የጣት ቅባት አለበት። ከዚያ ለብረት የሚሆን የመሠረት ቀለም በስፕሬይ፣ ከ25 ሳንቲም ርቀት፣ ሁለት ስስ ዙር። ወፍራም ከሆነ 0.8 ሚሊውን ስርጉድ ይሞላዋል።

ብሩክ፦ ዝገቱ ላይ አንድ ክርክር አለኝ። ሁሉም ሰው ጣሪያውን ቡናማ ያደርገዋል። ድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ናት፤ የምታነጣና አቧራ የምታለብስ አገር ናት። ሼዱ ጅቡቲ ባሕር ዳር ቢሆን እንደፈለጋችሁ አዝጉት። እዚህ ግን መሠረቱ የደበዘዘ ግራጫ ነው፤ ዝገቱ መደራረቢያው ጠርዝና የሚስማር መስመር ላይ ብቻ፣ ከሚስማሩ ወደ ታች በቀጭኑ የወረደ።

ሀና፦ ከመቶ ሰማንያው አምስት ስድስቱን ደግሞ ብሩህ አድርጎ መተው፤ በቅርብ የተቀየሩ እንዲመስሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሆኑ ይመረጣል። አቧራው የተፈጨ ጠመኔ ነው፤ ቢጫ ያጋደለ ፈዛዛ ቡናማ፣ በደረቅ ብሩሽ፣ ከታችኛው ረድፍ በዝቶ ወደ ላይ እየሳሳ።

ብሩክ፦ ጥቀርሻው ከሁለቱ ሐዲድ ትይዩ፣ ከበሮቹ አናት ላይ። መሃል ላይ ካደረግሽው ሎኮሞቲቩ በግድግዳ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ሀና፦ ጣሪያው ይጣበቅ ወይስ አይጣበቅ?

ብሩክ፦ አይጣበቅ። ውስጥ ያለው ሐዲድ ይቆሽሻል፤ ሲቆሽሽ ሞተሩ ኤሌክትሪክ አያገኝም፣ ባቡሩ ሼዱ ውስጥ ይቆማል። በጣሪያው ሆድ ላይ፣ ከሁለቱ ጎን ግድግዳ ወደ ውስጥ 1 ሚሊ ቀነስ አድርጋችሁ 3 ሚሊ የካርቶን ቅንጣቢ ለጥፉ፤ እሱ ቦታውን ይይዘዋል። ስታነሱት ግን በክፈፉ አትያዙት፤ አናቱን በሁለት ጣት።