ዕዳው ሳይቆለል መድረስ፦ የዓመታዊ ጉባኤያችን የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከስራ ፈቃድ ጠይቃችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ በሽተኛ እያስታመማችሁ ለዛሬ ብቻ ሰው ተክታችሁ የመጣችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ጊዜያችሁን በፕሮቶኮል አልጨርስም። የስራ ሪፖርቱን ፀሐፊያችን ያቀርባል፣ ሂሳቡን ኦዲተሩ ያስረዳችኋል። እኔ ከሰዓት በኋላ ድምፅ በምንሰጥበት ጉዳይ ላይ የማስበውን ልናገርና ልቀመጥ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። በቤት ብድር ዕዳ የተያዘን ሰው፣ የህክምና ወጪ ያንገዳገደውን ሰው፣ መንግስት ሊያግዘው ይገባል ወይስ የራሱ ጉዳይ ነው? ኮሚቴያችን ውስጥ ራሱ ሀሳቡ ለሁለት ተከፍሏል፣ ተከራክረናል፣ አንዳንዴም ድምፃችን ከፍ ብሏል። የኔ አቋም ይገባል ነው። ግን ይገባል ብሎ ማቆም አይበቃም፣ መቼ ነው የሚደርሰው፣ በማን በኩል ነው የሚያልፈው የሚለው ላይ ነው ትልቁ ነገር ያለው፣ ምክንያቱም ዘግይቶ የመጣ እርዳታ መዝገቡን ያስተካክል ይሆናል እንጂ ሰውየውን ላያስተካክለው ይችላል፣ ይሄን በማስረጃ አሳያችኋለሁ።

የቤት ዕዳና ህክምናን ምን አገናኛቸው የሚሉን ሰዎች አሉ። እንዴ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው እኮ ያሉት! ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚቀረው ደሞዙ ነው፣ ቀጥሎ ያጠራቀማትን ይጨርሳል፣ ከዛ የወር ክፍያው ይዘለላል፣ ከዛ ቤቱ። አንዷ አባላችን ቢሮ መጥታ ሁለት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ አሳይታኛለች፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ ስሟን ግን አልጠራም። አንዱ ባለቤቷ ሆስፒታል ሲገባ ያስያዙት ገንዘብ ደረሰኝ ነው፣ ሌላው ከባንክ የመጣ ማስጠንቀቂያ። ደረሰኙ ላይ ያለው ወርና ማስጠንቀቂያው ክፍያ ያልተፈፀመበት የመጀመሪያ ወር ብሎ የጠቀሰው ወር አንድ ነው። ለሆስፒታሉ የሄደው ገንዘብ የቤቱ ገንዘብ ነበር፣ በቃ።

ታሪኩ እዛ ላይ አያበቃም። በኋላ ከዘመድ ተበድራ ሙሉውን ባይሆንም የቻለችውን ያህል ለባንኩ ከፈለች። የሂሳብ መግለጫው ሲወጣ መጀመሪያ ለቅጣት ተቆርጧል፣ የተረፈው ለተጠራቀመው ወለድ ተቆርጧል፣ ዋናው ብድር ንክችም አልተደረገም። ከፍላም ያው ናት። ባንኩ ህግ ጥሷል እያልኩ አይደለም፣ ብዙ የብድር ውል ላይ ቅደም ተከተሉ እንደዛ ነው የተፃፈው፣ ቅጣት፣ ወለድ፣ ከዛ ዋናው፣ ስንፈርም ግን ቤት ልናገኝ ነው በሚል ደስታ ውስጥ ስለሆንን እዛች አንቀፅ ላይ የሚቆም ሰው የለም። እኔ እንዲህ አይነት ወረቀት ባየሁ ቁጥር ያመኛል፣ ምክንያቱም ሰውየው እየሞከረ ነው፣ ሲስተሙ ግን ሙከራውን አይቆጥርለትም።

ይሄ የኛ የጥቂቶች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2023 ባወጡት የጋራ ሪፖርት (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጋ ህዝብ ከኪሱ በሚያወጣው የህክምና ወጪ ምክንያት የገንዘብ ችግር ውስጥ እንዳለ ነው የተናገሩት፣ ከዚህ ውስጥ 1 ቢሊዮን ያህሉ ከቤተሰቡ ወጪ ከ10 ፐርሰንት በላይ ለህክምና የሚከፍል ነው። ይሄን ሁሉ ህዝብ ሰነፍ ነው፣ ቆጣቢ አይደለም ልንል ነው?

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ሀሳብ ልምጣ፣ ምክንያቱም የሚናቅ ሀሳብ አይደለም፣ የሚያነሱትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኔ ወር በገባ ቁጥር ከልጆቼ ጉሮሮ ነጥቄ ስከፍል ኖሬ ለምንድነው ከአቅሙ በላይ ተበድሮ ትልቅ ቤት የገዛን ሰው በግብሬ የማድነው ነው የሚሉት። በ2009 አሜሪካ ውስጥ መንግስት ለባለዕዳዎች እርዳታ ሊጀምር ሲል አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቺካጎ ከነጋዴዎች መሀል ቆሞ ይሄንኑ በንዴት ሲናገር አካባቢው በጭብጨባና በጩኸት ተቀብሎታል። ስሜቱ እውነተኛ ነው። ሌላም ይላሉ፣ አንዴ ዕዳ ከተሰረዘ ነገ ሁሉም መክፈል ያቆማል፣ ባንኩም መንግስት አለልኝ ብሎ ሳያጣራ ያበድራል። ይሄም እውነትነት አለው፣ ሳንመልስለት ማለፍ የለብንም።

እኔ የምመልሰው ሁለቱን ጉዳዮች ለይቼ ነው። ህክምና ላይ ይሄ ስጋት ብዙም አይሰራም፣ ነፃ ስለሆነ ብሎ ኩላሊቱን የሚያሳጥብ ሰው የለም። ለጉንፋንም ለራስ ምታትም ሰዉ ይጎርፋል የሚለው ላይ ራንድ የሚባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሺዎችን በዕጣ መድቦ አጥንቶታል፣ አንዳንዱን ቤተሰብ ነፃ አሳክሞ፣ አንዳንዱን ድርሻ አስከፍሎ። የሚከፍሉት ሰዎች ሀኪም ጋ መሄድ ቀነሱ፣ እውነት ነው፣ ግን የቀነሱት የማያስፈልገውን ብቻ አልነበረም፣ የሚያስፈልገውንም እኩል ነው የቀነሱት፣ የደም ግፊት ያለባቸው ድሆች ደግሞ ነፃ ሲታከሙ ግፊታቸው በተሻለ ቁጥጥር ስር ሆነ። ስለዚህ ህክምና ላይ ያለኝ አቋም ቅድመ ሁኔታ የለውም። የታመመ ይታከም፣ የገንዘቡ ነገር ሁላችንም ጤነኛ ሆነን በምናዋጣው ይሸፈን።

አቅም የለም ለሚሉ፣ ጀርመን የሰራተኞችን የጤና መድን በህግ የደነገገችው በ1883 ነው፣ በቢስማርክ ጊዜ፣ ከመዋጮው ሁለት ሶስተኛውን ሰራተኛው አንድ ሶስተኛውን አሰሪው እየከፈለ። እንግሊዝ በ1948 ሁሉንም በነፃ ማከም ስትጀምር ከጦርነት የወጣች፣ ዕዳ የተከመረባት፣ ምግብ እንኳን ገና በራሽን የምታድል አገር ነበረች። ታይላንድ በ2002 ሰው አንዴ ለመታከም 30 ባት ብቻ እንዲከፍል አድርጋ ህዝቡን በሙሉ መድን ውስጥ ስታስገባ ሀብታም አገር አልነበረችም። መጀመሪያ ሀብታም እንሁን ከዛ እናስብበታለን የሚለው መልስ በነዚህ አገሮች ታሪክ አይደገፍም።

ቤት ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። ቤት የገዛ ሰው ወስኖ ነው የገዛው፣ አንዳንዱም ለማከራየት ነው የገዛው፣ የሱን ኪሳራ ህዝብ ይክፈልለት አልልም። እኔ የምለው ቤተሰቡ ለሚኖርበት አንድ ቤት፣ ገቢው በህመም ወይም ከስራ በመፈናቀል ለተቋረጠበት ሰው ነው። ኪሳራውንም ባንኩ ይጋራ፣ ምክንያቱም ብድሩን ያፀደቀው እሱ ነው፣ ደግሞ በውሉ ላይ አደጋ አለው ብሎ ወለድ ሲሰበስብ ቆይቷል።

እርዳታው በማን በኩል ያልፋል የሚለው ደግሞ ከገንዘቡ መጠን አያንስም። በ2008 የአሜሪካ ኮንግረስ ለፋይናንስ ተቋማት ማዳኛ እስከ 700 ቢሊዮን ዶላር ሲፈቅድ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው የጨረሰው። ለቤት ባለቤቶቹ በ2009 የመጣው ፕሮግራም ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ቤተሰብ አግዛለሁ ብሎ ተነሳ፣ በ2016 ሲዘጋ ብድሩ በቋሚነት የተስተካከለለት ቤተሰብ 2 ሚሊዮን አልሞላም። ለምን ብትሉ፣ ስራው የተሰጠው ብድሩን ለሚሰበስቡት ድርጅቶች ነበር፣ እነሱ ደግሞ ሰው ሲዘገይ ከሚሰበስቡት ቅጣትና ክፍያ ያገኛሉ፣ ስለዚህ ቤተሰቡ የገቢ ማስረጃ ይልካል፣ ጠፋ ይባላል፣ እንደገና ይልካል፣ ጊዜው አልፎበታል ይባላል፣ በዚህ መሀል ቤቱ ለሐራጅ ይወጣል።

እዛው አገር በ1933 የሆነው ግን ሌላ ነው። በፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ጊዜ የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን የሚባል የመንግስት ተቋም አቋቁመው ብድሩን ከአበዳሪዎቹ ራሱ ገዛው፣ በጥቂት ዓመት ይከፈል የተባለውን ወደ 15 ዓመት ዘረጋው፣ ወለዱን አወረደው፣ እንዲህ አድርጎ ለአንድ ሚሊዮን ያህል ቤቶች ደረሰ። ይሄ ስጦታ አልነበረም፣ ሰዉ ከፍሎታል፣ ተቋሙም በ1951 ሂሳቡን ሲዘጋ ሳይከስር ነው የዘጋው። እንከን የለሽ ነበር አልልም፣ ከተበዳሪዎቹ አምስተኛ ያህሉ በመጨረሻ ቤታቸውን አጥተዋል፣ ተቋሙ ያሰራቸው ካርታዎችም ሰፈሮችን በደረጃ ከፋፍለው የጥቁሮችን ሰፈር በአብዛኛው ለማበደር አደገኛ ነው በሚል ቀይ ቀብተዋል፣ ለእርዳታ የሚቋቋም ተቋም ማንን እንደሚያገል ከመጀመሪያው ቀን ማየት እንዳለብን ያሳየኛል። አይስላንድ በ2014 ለአንድ ቤተሰብ እስከ 4 ሚሊዮን ክሮና የቤት ዕዳ ስትቀንስ ደግሞ ከገንዘቡ የተወሰነው መክፈል ለማይከብደው ቤተሰብም ሄዷል፣ ለዚህ ነው መስፈርት ይኑር የምለው።

ሁሉም እርዳታ ከመንግስት ካዝና አይወጣም፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስፔን ውስጥ ቤትህን ባንክ ወስዶብህም ዕዳው አያልቅም፣ ቤቱ የሸፈነው ተቀንሶ ቀሪው ይከተልሃል፣ ሰዉ ቤትም አጥቶ ዕዳም ተሸክሞ ቀረ። በ2009 ባርሴሎና ላይ የተጀመረው የባለዕዳዎች እንቅስቃሴ ቁልፌን ከመለስኩ ዕዳዬ ይሰረዝ የሚል ነበር ጥያቄው፣ በ2013 ደግሞ የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤት የስፔን ህግ ተበዳሪው በውሉ ያሉትን ፍትሃዊ ያልሆኑ አንቀፆች ተከራክሮ የቤቱን መነጠቅ እንዲያስቆም በቂ እድል አይሰጥም ብሎ ፈረደ። ይሄ ሁሉ የህግ ነገር ነው። ቅጣት ላይ ጣሪያ ማስቀመጥ፣ የክፍያውን ቅደም ተከተል መቀየር፣ ሰው ሲታመም የእፎይታ ጊዜ በህግ መስጠት፣ ለካዝናው ከባድ ወጪ አይደለም።

ቅድም በማስረጃ አሳያችኋለሁ ያልኳችሁ ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያልተከፈለ የህክምና ዕዳ በጅምላ ይሸጣል፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ምክንያቱም ሻጩም ይከፈለኛል ብሎ ተስፋ ቆርጧል። ተመራማሪዎች ከአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ሆነው ከ83 ሺህ በላይ ሰዎች ዕዳ እንዲህ ተገዝቶ ሲሰረዝላቸው ምን እንደሚሆን ተከታተሉ፣ ውጤቱ በ2024 ወጣ። በአማካይ የሰዎቹ የገንዘብ ሁኔታም የአእምሮ ጤናም አልተሻሻለም። እኔ ሳነበው ደነገጥኩ፣ ግን ሳስበው ገባኝ፣ ዕዳው ሲሰረዝ ሰውየው ያጣውን አጥቶ ጨርሷል። ከዚህ ጋር የአሜሪካዋን የኦሪገን ግዛት አስተያዩት፣ እዛ በ2008 መንግስት ለድሆች የጤና መድን በዕጣ ሰጠ፣ ዕጣ የደረሳቸው ላይ ቤት የሚያፈርስ የህክምና ወጪ ከሞላ ጎደል ጠፋ፣ የድብርት ምልክትም ቀነሰ። የደም ግፊትና የስኳር ውጤታቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ጎልቶ አልተለወጠም፣ ይሄንንም ሳልደብቅ ነው የምነግራችሁ። ግን መድን ከሂሳቡ በፊት ሲመጣ ቤተሰቡን ከዕዳ አዳነው፣ ስረዛ ከሂሳቡ ብዙ ቆይቶ ሲመጣ አላዳነውም።

እኛም ጋ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣ ዕዳም እንደዛው ነው። አብዛኞቹ አባሎቻችን ቢሮ የሚመጡት የሐራጅ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ነው፣ ሀፍረት ነው የሚይዛቸው፣ ለሚስቱ ለባሏ እንኳን ያልተናገረ አለ። እባካችሁ የመጀመሪያው ክፍያ ሲዘለል ኑ፣ ያኔ ከባንኩ ጋ ቁጭ ብሎ ብድሩን ማሸጋሸግ ይቻላል። መንግስትንም የምንጠይቀው ይሄንኑ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይድረስ።

ስለዚህ ኮሚቴው ያዘጋጀው የውሳኔ ሀሳብ እጃችሁ ላይ አለ፣ አንብቡት። ህክምና በጋራ መዋጮና በግብር ይሸፈን፣ ሆስፒታል ድንገተኛ በሽተኛን ካላስያዝክ አላክምም አይበል፣ በህክምና ምክንያት ክፍያ ያቋረጠ ሰው በህግ የእፎይታ ጊዜ ይኑረው፣ በዛ ጊዜ ቅጣት አይታሰብበት፣ ከዛም በኋላ ካልቻለ ብድሩን የሚያሸጋሽግለት ከባንኩ ውጪ የሆነ አካል ይኑር፣ ይሄ ሁሉ ለሚኖርበት ቤት ብቻ ነው። የእፎይታው ርዝመት ክፍት ተትቷል፣ እዛ ላይ ኮሚቴው አልተስማማም፣ እኔ አንድ ዓመት ይሁን ባይ ነኝ፣ ስድስት ወር ይበቃል የሚሉም አሉ።

ከሰዓት በኋላ ውይይቱ ሲጀመር መጀመሪያ ለሚቃወሙት ነው ዕድል የምሰጠው፣ ስማችሁን እረፍት ላይ ለፀሐፊያችን አስመዝግቡ፣ የብድር ውላችሁን ኮፒ ያመጣችሁም የህግ አማካሪያችን እንዲያይላችሁ አሁኑኑ ለሷ ስጧት። ጉባኤው ተከፍቷል፣ ፀሐፊያችን ሪፖርቱን ይቀጥላል።