ኪኒን፦ ከጣርማበር ማዶ የመጣ ቃል

[ምስል፦ ጣርማበር በማለዳ። ጉም። ሚኒባስ ከዋሻው ሲወጣ።]

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። ጠዋት 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ጋቢ ደርበን እንሳፈራለን። ጣሊያን በወረራው ጊዜ የፈለፈለውን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ ጋቢው ከትከሻ ይወርዳል። ሮቢት ስንገባ የምንፈልገው ጥላ ብቻ ነው።

ልጅ ሳለሁ አንድ የሰፈራችን ጎረምሳ ማሾ ለቀማ ሮቢት ወርዶ እየተንቀጠቀጠ ተመለሰ። አያቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ኪኒን ሰጡት?» ብላ ነው። ግን እሷ ለራስ ምታቷም ኪኒን ነበር የምትለው፤ ለወገቧም፣ ለደም ግፊቷም ኪኒን። ፍሬ ሆኖ በውኃ የሚዋጥ ሁሉ ለእሷ ኪኒን ነው። ለእኛስ?

የጎረምሳው ኪኒን ግን ከሌሎቹ ይለያል። ለምን እንደሆነ ከበሽታው እንጀምር።

[ምስል፦ ትንኝ፣ በቅርበት።]

ደብረ ብርሃን ላይ ወባ የማይይዘን ብርዱ ስለሚጠብቀን ነው። የወባ ጥገኛ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ወደ 16 ዲግሪ ግድም ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። ቆላው ግን ይመቸዋል። ሰዎቻችን በሽታውን ድሮ «ንዳድ» ይሉት ነበር፣ ከመንደድ። «ወባ» ከዐረብኛው «ወባእ» ጋር አንድ ነው፤ እዚያ ግን ማንኛውም ወረርሽኝ ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ጠቦ የአንድ በሽታ ስም ሆነ። ኪኒን ደግሞ በተቃራኒው ሄደ፤ ጠባብ መጥቶ እኛ ጋ ሰፋ።

[ምስል፦ የአንዲስ ተራሮች።]

ደቡብ አሜሪካ፣ በነፔሩና ኢኳዶር የአንዲስ ተራሮች ላይ ቅርፊቱ እንደ እሬት የሚመር ዛፍ አለ። ዛፉ እንደኛ ደገኛ ነው፤ የሚያድነው ግን የቆላውን በሽታ። በአገሬው የኬችዋ ቋንቋ «ኪና» ቅርፊት ማለት ነው። ደገም አድርገው «ኪና ኪና» ሲሉ የቅርፊቶች ሁሉ ቅርፊት ማለታቸው ነው። እንዲያውም ስሙ መጀመሪያ የሌላ ዛፍ እንደነበርና በኋላ ወደዚህኛው እንደዞረ የሚናገሩ አሉ።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቅርፊቱን ወደ አውሮፓ ያስገቡት በዋናነት ኢየሱሳውያን ናቸው። አዎ፣ እነዚያው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን አገራችንን ያመሱት። በ1742 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ ዛፉን በስፔናዊው የቺንቾን ባላባት ሚስት ስም ሰየመው፤ በቅርፊቱ ዳነች የሚል ወሬ ስለነበር። ወሬው ተረት ይመስላል። ሊኔየስም ስሟን በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንድ ፊደል ገድፎ «ሲንኮና» አደረገው። ስህተቱ እስከ ዛሬ አልታረመም።

[ምስል፦ ፓሪስ፣ 1820።]

በ1820 እ.ኤ.አ. ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች ከቅርፊቱ ውስጥ በሽታውን የሚገታውን ነገር ለይተው አወጡ። «ኪና» ላይ «ኢን» ቀጠሉና «ኪኒን» አሉት።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ያልገባበት አገር የለም። ጣሊያን «ኪኒኖ»፣ ስፔን «ኪኒና»፣ ዐረብ «ኪኒን»፣ ቱርክ «ኪኒን»፣ ሩስያ «ኺኒን» አለችው። እንግሊዝ «ኩዊኒን» አለችው፤ ስዋሂሊም ከእሷ ወስዶ «ክዊኒኒ»። ቃሉን ሰምቶ ብቻ በማን በር እንደገባ መገመት ይቻላል።

ታዲያ የእኛ በየት በር ገባ? ብዙ ሰው ጣሊያን ጥሎት የሄደ ቃል ነው ይላል። ለእኔ አልተዋጠልኝም። ከጣሊያን የወሰድናቸው ቃላት ጅራታቸውን አይጥሉም፦ ፋብሪካ፣ ጋዜጣ፣ ጎማ፣ ፎርኖ፣ ማኪያቶ። ከእነሱ ወስደን ቢሆን ኖሮ አያቴ «ኪኒኖ ሰጡት?» ባለች ነበር። የእንግሊዞቹ «ኩዊ»ም የለበትም። የሚቀሩት ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ ሁለቱም በጅቡቲ በኩል ሲሰሙ የኖሩ። ፍርዴ ወደዚያ ያደላል።

[ምስል፦ የመድኃኒት ቤት መደርደሪያ።]

ዛሬ ሮቢት ላይ ወባ የያዘው ሰው የሚሰጠው በአብዛኛው ኳርተም ነው፤ ኢትዮጵያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዘችው ሕክምና። የእሱ ዘር ከፔሩ አይደለም፤ ከቻይና ነው፣ የእኛ የጭቁኝ ዘመድ ከሆነ ተክል። ሰዉ ግን «የወባ ኪኒን» ይለዋል፤ ከዚያ ቅርፊት አንዲት ጠብታ የለበትም።

የጥንቱ መድኃኒትም ከመደርደሪያ ጨርሶ አልጠፋም። ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ ስለተማሩ እሱን «ኩዊኒን» ይሉታል። ስለዚህ ያንኑ ቃል ሁለት ጊዜ አስገብተነዋል ማለት ነው፤ አንዴ በጅቡቲ፣ አንዴ በትምህርት ቤት። ሐኪሙ በፍሬ ያዘዘለት ሰው መድኃኒት ቤት ገብቶ «የኩዊኒን ኪኒን አላችሁ?» ይላል። ወደ ኬችዋ ቢመለስ፣ ኪና ኪና።