ከኤቨረስት አናት እስከ ፕረስትዊክ ሜዳ

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ መምህራን፣ የበረራና የአውሮፕላን ጥገና ተማሪዎች፤

የሃሚልተኑ መስፍን የዳግላስ ዳግላስ-ሃሚልተን ስም በታሪክ መጻሕፍት ሲነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሌላ ሰው በፈጸመው ድርጊት ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 1941 ሌሊት የሂትለር ምክትል ሩዶልፍ ሄስ ብቻውን እያበረረ ስኮትላንድ ደርሶ በፓራሹት ከወረደ በኋላ፣ የያዙትን ሰዎች የጠየቀው ከመስፍኑ ጋር እንዲያገናኙት ነበር። መስፍኑ በማግስቱ እስረኛውን አነጋገሩት፤ ማንነቱንም እንደተረዱ በዚያው ዕለት ወደ ቸርችል በርረው የሆነውን ሁሉ አስረዱ። ያም ሆኖ የዚያች ሌሊት ወሬ ዕድሜ ልካቸውን ተከትሏቸዋል። እኔ ግን ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ወደነበረ አንድ ማለዳ ልወስዳችሁ እፈልጋለሁ፤ እኒህ ሰው ሊታወሱ የሚገባው በራሳቸው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁና።

በ1903 ከስኮትላንድ ታላላቅ የመሳፍንት ቤቶች በአንዱ ተወለዱ፤ በኢተንና በኦክስፎርድ ተማሩ፤ በቦክስ የስኮትላንድ የአማተሮች የመካከለኛ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኑ፤ በ1930 ደግሞ የፓርላማ አባል ተደርገው ተመረጡ። ለነገራችን ዋናው ግን 602ኛው የግላስጎው ስኳድሮን፣ ማለትም የአየር ኃይል ክፍል፣ ነው። የስኳድሮኑ አባላት አብዛኞቹ ሳምንቱን በየሥራቸው ውለው የዕረፍት ቀናቸውን ለበረራ የሚሰጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። በ1931 አዛዣቸው የሆኑት ዳግላስ-ሃሚልተን የልብ ወዳጃቸውን ዴቪድ ማኪንታየርን ያገኙትም እዚያው ነው።

በዚያ ዘመን ኤቨረስትን በአየር የተሻገረ ማንም አልነበረም። ይህን ለመሞከር ለታቀደው በረራ ገንዘቡን ባለጸጋዋ ሌዲ ሂውስተን ሰጡ፤ ሁለት ባለ ድርብ ክንፍ የዌስትላንድ አውሮፕላኖችም ተዘጋጁ። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተራ ሞተር ጉልበት ያጥረዋል፤ ስለዚህ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ የተገጠመለት የብሪስቶል ፔጋሰስ ሞተር ተመረጠ። አብራሪዎቹ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ልብስ ለበሱ፤ ኦክሲጅንም በቱቦ ተዘረጋላቸው።

ኤፕሪል 3 ቀን 1933 ጠዋት፣ በሰሜን ሕንድ ፑርኒያ አጠገብ ካለ ሜዳ ተነሱ። አንዱን አውሮፕላን ዳግላስ-ሃሚልተን ኮሎኔል ብላከርን ይዘው፣ ሌላውን ማኪንታየር የፊልም ባለሙያውን ሲድኒ ቦኔትን ይዘው ያበርሩ ነበር። ሜዳማውን አገር የሸፈነው አቧራ ከስር ያለውን ምድር ሰወረባቸው። ተራራው ሲቀርብ ደግሞ ከሸንተረሩ ቁልቁል የሚወርደው ነፋስ አውሮፕላኖቹን በመቶዎች ሜትር ወደ ታች ገፋቸው፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሠራ እነርሱ ግን ይወርዱ ነበር። በዚህ መሐል ቦኔት ፊልም ሊቀይር ሲያጎነብስ የኦክሲጅን ቱቦው ተሰበረ። ስብራቱን በመሐረቡ አሰረው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ራሱን ስቶ ከወንበሩ ስር ወደቀ። የነቃው አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ አየሩ ሲበረክት ነው። ጥገና ለምትማሩ ወጣቶች ይህን በዝርዝር የምነግራችሁ፣ የዚያን ሰው ሕይወት በእጁ ይዞ የነበረው አንድ ቱቦ መሆኑን እንድታዩ ነው።

ሁለቱም አውሮፕላኖች በጠባብ ልዩነት አናቱን ተሻገሩ። ይሁን እንጂ ለካርታ ሥራ የታሰቡት ፎቶዎች በአቧራው ምክንያት አልሰመሩም። በዚህም የተነሳ ቡድኑ በቃችሁ ቢባልም ኤፕሪል 19 ቀን ደግሞ በረረ። አለመታዘዝን አላወድስም፤ ነገር ግን የሄዱበትን ሥራ ሳይጨርሱ በዝና ብቻ ወደ አገራቸው መመለስ አለመፈለጋቸውን አከብራለሁ። በእነዚያ በረራዎች የተነሱት ፎቶዎች ከዓመታት በኋላ በ1951 ተራራውን ከደቡብ በኩል ሊያስሱ ለተነሱ ወጣቾች ጠቅመዋል።

ሁለቱ ወዳጆች ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። በ1935 በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ ፕረስትዊክ ላይ ሜዳ ገዝተው የአብራሪዎች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ከዚህ ጅምር ስኮቲሽ አቪዬሽን የተባለው አምራች ድርጅት አደገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከሰሜን አሜሪካ አትላንቲክን አቋርጠው የሚመጡት አውሮፕላኖች ዋና ማረፊያ የሆነው ይኸው ሜዳ ነው። የመስፍኑ ሦስት ወንድሞችም በአየር ኃይሉ አገልግለዋል፤ አንደኛው፣ ዴቪድ፣ በ1944 በበረራ ላይ ሞተ።

ማኪንታየር በዲሴምበር 1957 ድርጅታቸው የሠራውን ትዊን ፓዮኒር ለገበያ ሊያሳዩ ሊቢያ ሄደው ሳለ፣ የክንፉ ድጋፍ በብረት ድካም፣ ማለትም ብረቱ በተደጋጋሚ ጫና ተዳክሞ፣ ተሰብሮ አውሮፕላኑ ወደቀና ከነባልደረቦቻቸው ሕይወታቸው አለፈ። መስፍኑ ከወዳጃቸው በኋላ 15 ዓመት ያህል ኖረው በ1973 በኤድንብራ አረፉ። በፕረስትዊክ ዛሬም አውሮፕላን ይነሳል፣ ያርፋል።

አመሰግናለሁ።