ቀኑን ጠብቀው የወረዱት ዳኛ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የሕግ ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ ስለ ሄይቲዋ ኤርታ ፓስካል-ትሩዮ ልነግራችሁ መጥቻለሁ። በሀገራቸው ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ርዕሰ ብሔር ናቸው። በመንበሩ ላይ የቆዩት አሥራ አንድ ወር እንኳ አይሞላም፤ እኔም የምወዳቸው ስለዚያች አጭር ጊዜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 በዋና ከተማዋ በፖርት-ኦ-ፕረንስ አጠገብ በምትገኘው ፔቲዮን-ቪል ተወለዱ። አባታቸው ብረት ሠሪ፣ እናታቸው ልብስ ሰፊና ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ። አባት በጊዜ ስላረፉ ልጆቹ ያደጉት በእናት መርፌ ነው። ኤርታ በ1971 በሕግ ተመረቁ።

ልብ በሉልኝ፤ ያን ጊዜ የሄይቲ ሕግ ያገባችን ሴት አካለ መጠን እንዳልደረሰች ልጅ ይቆጥራት ነበር። ይህ የተሻረው በ1982 ነው። እሳቸው ከዚያ በፊት ስለ ሄይቲ ሴት ሕጋዊ አቋም ጽፈዋል። ቆይተውም በሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የተሰየሙ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሆኑ።

በማርች 1990 ሀገሪቱን ይገዙ የነበሩት ጄኔራል ፕሮስፔር አቭሪል በሕዝብ ቁጣ ሥልጣን ለቀቁ። ሕገ መንግሥቱ ክፍት የሆነውን መንበር ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ይሰጣልና ዕጣው በእሳቸው ላይ ወደቀ። ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ኃላፊነቱን የተቀበሉት በሄይቲ ሴት ስም መሆኑን ተናገሩ። አደራቸው አንድ ነበር፤ ምርጫ አካሂዶ መውረድ።

ይህ አደራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት ወደ ኖቬምበር 1987 መመለስ ያስፈልጋል። ያኔ ድምፅ ሊሰጡ የወጡ ሰዎች በምርጫ ጣቢያ ተጨፍጭፈው ምርጫው በዕለቱ ተሰርዟል። ኤርታ ያን ደም ያየውን ሕዝብ እንደገና ውጣና ተሰለፍ ማለት ነበረባቸው። ሕዝቡ ዲሴምበር 16 ቀን 1990 ተሰለፈ፤ የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎችም በቦታው ነበሩ። ካህኑ ዣን-ቤርትራን አሪስቲድ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ድምፅ አግኝተው አሸነፉ።

እንከን አልነበረባቸውም አልልም። የአምባገነኑ ዱቫሊየር ዘመን ሹም ሮዤ ላፎንታን ከስደት ሲመለስ የእስር ማዘዣ ቢወጣበትም የሚይዘው አልተገኘም። ያ ማዘዣ ሳይፈጸም የቀረበት ዋጋ የተከፈለው በእሳቸው ነው። በጃንዋሪ 1991 መጀመሪያ ላፎንታን በሌሊት አስይዞ ወደ ቤተ መንግሥት ወሰዳቸው፤ በቴሌቪዥንም ሥልጣን መልቀቃቸውን እንዲያውጁ አስገደዳቸው። ሲነጋ ሕዝቡ መንገዱን በእንቅፋት ዘጋ፤ ሠራዊቱም ቤተ መንግሥቱን ሰብሮ ላፎንታንን ያዘ።

ስለ እሳቸው ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ያ ሌሊት ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ የመጣው ወር ነው። ታግቶ የተለቀቀ ርዕሰ ብሔር ጸጥታ ደፈረሰ ብሎ ቀን ለማራዘም ሰበብ አያጣም። እሳቸው አላራዘሙም። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1991፣ ዱቫሊየር ሀገር ጥሎ በሸሸ በአምስተኛ ዓመቱ፣ ሥልጣኑን ለተመረጠው ሰው አስረከቡ።

በኤፕሪል በላፎንታን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተባብረዋል ተብለው ታሰሩ። ወዲያው ቢለቀቁም፣ የታሰሩት እሳቸው ባካሄዱት ምርጫ በመጣው መንግሥት ነበር። አሪስቲድም በሴፕቴምበር በጦር ኃይል ተገለበጡ።

ታዲያ ምን አተረፉ የሚለኝ ይኖራል። የ1987ን ጠዋት ያልረሳው መራጭ ዲሴምበር 16 ቀን ድምፁን ሰጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገብቷል።

አመሰግናለሁ።