«ምንም» ያልኩት ክር

ኤሎ፣ ኤሎ! እንዴት ሰነበታችሁ። ረቡዕ ነው፣ ትምህርት የለም፣ ቡናዬን አፍልቼ ተቀምጫለሁ። እዚህ ፈረንሳይ ስለምሠራበት ትምህርት ቤት ካንቲን አይብ ዛሬ አላወራም፣ አትጠብቁ። አንድ ነገር... ካለፈው ሳምንት ሰኞ ጀምሮ አልለቅ ብሎኛል።

ሰኞ ከዕረፍት የተመለስንበት ቀን ነው። ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ። ለእኛ ማለቴ ነው፣ እነሱማ አክብረው ጨርሰዋል። ሴ-ኧ-1 ክፍል ስገባ፣ እነዚያ የሰባት ዓመቶቹ፣ ጋሌት ተደርድሯል። የነገሥታት ኬክ ይሉታል። ቅቤው ከበር ይሸታል። ውስጡ ትንሽዬ የሸክላ ምስል ትደበቃለች፣ እሷ የደረሰችው ልጅ የወረቀት ዘውድ ይደፋል። እንዳይዳላ ደግሞ የክፍሉ ትንሽ ልጅ ጠረጴዛ ሥር ይገባል። መምህሯ ቁራሹን በቢላዋ ነካ አድርጋ «ፑር ኪ?» ትላለች። ለማን? ከሥር ስም ይጠራል።

የፊት ጥርሷ የወለቀ አንዲት ልጅ አለች፣ እሷ ነበረች ከሥር። ስትጠራ ስትጠራ ቆይታ ዝም አለች። ምን ሆነች ብዬ ጎንበስ ስል ማተቤ ከሹራቤ ወጥቶ ፊቷ ላይ ተንጠለጠለ። በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችው። ጣቷ ላይ ቀለም አለ፣ ሰማያዊ፣ የብዕር ቀለም። «ሜትሬስ፣ ሴ ኩዋ ሳ?» መምህርት፣ ይሄ ምንድን ነው?

ክሩን ከጣቷ ስቤ ወደ ውስጥ ከተትኩና «ሪያን» አልኳት። «ሴ ሪያን።» ምንም አይደለም።

እሷም «አህ» ብላ የሚቀጥለውን ስም ጠራች። በቃ። ሌላ የሰማ የለም።

ሕጉን አውቀዋለሁ። ኮሪደሩ ላይ ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው የሚለው የትምህርት ቤቶች ቻርተር ተሰቅሏል፣ በፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ ነው፣ 15 አንቀጽ። ስገባ ስወጣ አነበዋለሁ። በፈረንጆቹ የ2004ቱ ሕግ ለተማሪዎች ነው፣ ጎልቶ የሚታይ ምልክት ይከለክላል፣ ትንሽ መስቀል ግን ይፈቀዳል። አስተማሪ ከሆንክ ትንሽም አይፈቀድም። በሳምንት 12 ሰዓት፣ እስከ ኤፕሪል ብቻ የምሠራ ረዳት ብሆንም ያው ነው፣ መንግሥት ነው የሚከፍለኝ። ገብቶኛል፣ ተስማምቼም ነው የገባሁት። ለዚህ ነው ሁሌ አንገቴ ድረስ የምለብሰው።

ግን ሕጉ ሸፍኚው ነው ያለኝ። «ምንም ነው» በይ አላለኝም እኮ።

ጋሌቱ ራሱ... የሰብአ ሰገል አይደል እንዴ? ኤፒፋኒ የሚሉት በዓላቸው ነው። እነሱ ጋ ግን ባህል ሆኗል፣ ብዙ ሰው እንደ ሃይማኖት አያየውም። ይሄን የምለው ለመከራከር አይደለም፣ ልጆቹ ዘውድ ደፍተው ሲስቁ ደስ ይለኛል። እኔ ደግሞ በጾም ነበርኩ፣ «ብዪ እንጂ» ሲሉኝ ሆዴን አሞኛል አልኩ። በአንድ ጠዋት ሁለት ውሸት ማለት ነው።

ይሄኛውን ማተብ ያሰረችልኝ አያቴ ናት። በ80 ቀኔ የታሰረው ስንቴ ተለውጧል፣ ይሄ ግን የሷ ነው። ሦስቴ ቋጠረችው፣ ትርፉን በጥርሷ በጠሰችው፣ ከዚያ እፍ አለችበት። ለምን እፍ እንዳለችበት አልጠየቅኳትም። እሷ ቃሉን የጠበቀን ሰው «ማተብ ያለው» ነው የምትለው። እናም እኔ... እንጃ።

ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። «ልጅ ነች፣ ምን ታስረጃታለሽ» አለችኝ። ልክ ነች ይሆናል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ብሆን ማንም አይጠይቀኝም ነበር፣ ስለዚህ «ምንም» የምልበት ቀንም አይመጣም ነበር።

አንዲት ባልደረባ አለችኝ፣ ሙስሊም ናት። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ውስጥ ሂጃቧን ፈትታ፣ በጥንቃቄ አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች፣ በመስታወቱ ፀጉሯን አስተካክላ ትወርዳለች። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በየቀኑ «ቦንዡር» ብያት አልፋለሁ፤ አንድም ቀን ምን እንደሚሰማት አስቤ አላውቅም። ማክሰኞ ግን ቆምኩ። ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። ስትወርድ «ብርዱ ጠነከረ» አልኳት፣ እሷም «በጣም» አለችኝ።

ማክሰኞ ገና ነበር። ልጆቹን ቀለማት ሳስተምር ዋልኩ። ለቅዳሴ ፓሪስ ድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ባቡር ነው፣ በሥራ ቀን አይሆንም። ከኔ ክፍል መስኮት የሚታየው... ተዉት።

ዋናው ነገር ሐሙስ ነው የሆነው። እረፍት ላይ ግቢው ውስጥ ቆሜያለሁ፣ ያቺ ልጅ እየሮጠች መጣች። አንገቴ ሥር፣ ስካርፌ ላይ በጣቷ አመለከተችና፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሜትሬስ፣ ሪያንሽ አለ?» አለችኝ።

ስሙ መስሏት ነው። የዕቃው ስም።

«አለ» አልኳት። «ጥሩ» ብላ ተመልሳ ሮጠች።

ነገ ሐሙስ ነው። ስሙን ልንገራት? ማ-ተብ፣ ሁለት ሰከንድ ነው። ግን ብትደግመው፣ እቤት ሄዳ ብትለው... ወይስ እንደዚሁ ትጥራው? አሁን ቡናዬም ቀዝቅዟል፣ እ... አላውቅም፣ እዚህ ጋ ላቁመው።