ካርታ ይዞ መጥፋት

እሱ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፤ ከጅማ ነን። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ድምፁ ከእኛ ጋር ቢገባ ታገሡን። የዛሬው ወሬያችን ኦሪየንቲሪንግ ነው፦ ካርታና ኮምፓስ ይዞ በየሜዳውና በየጫካው የተሰቀሉ ምልክቶችን በተራ እያገኙ መጨረሻው ላይ መድረስ። አጠገቤ ያለችው መምህርት ለተማሪዎቿ ልታስለምደው ከተነሣች ቆይታለች። ጥያቄዬ አጭር ነው፤ አዲስ ሰው እንዴት ይምጣልሽ?

እሷ፦ አንተ ራስህ እንዴት መጣህ?

እሱ፦ እኔማ ሩጫ መስሎኝ ነው።

እሷ፦ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። በእኛ አገር "ሩጫ" ካልክ ሰው ፊት የሚደቀኑት እነኃይሌና እነደራርቱ ናቸው። ክፍል ውስጥ "ቅዳሜ ሩጫ አለ" ብዬ ስናገር እጃቸውን ያወጡት ዓመቱን ሙሉ የሚሮጡት ልጆች ብቻ ነበሩ። በሌላ ቀን "ግቢው ውስጥ ስምንት ነገር ተደብቋል፤ ካርታው ይኸው" አልኩ። መጨረሻ ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ ተነሥታ ካርታውን ከእጄ ወሰደች።

እሱ፦ ተደብቋል ግን ውሸት ነው።

እሷ፦ ውሸት ነው፤ ራሴን አርሜአለሁ። ምልክት አይደበቅም። ብርቱካናማና ነጭ የሆነው፣ ጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ጨርቅ፣ ትክክለኛው ቦታ የደረሰ ሰው እንዲያየው ነው የሚሰቀለው። ከባዱ ቦታውን ማግኘት ነው። እኛ ልብስ ሰፊ ጋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ አሰፋነው።

እሱ፦ የእኔን የመጀመሪያ ቀን ላውራ? ከሁሉም ቀድሜ ተነሣሁ፣ ከሁሉም ኋላ ገባሁ። ካርታው ላይ ወንዝ ይታየኛል፤ እግሬ ሥር ግን ጉብታ እንጂ ወንዝ የለም። "ውኃው የት ገባ?" እያልኩ ጉብታውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። አንድ ጥጃ ቆማ ታየኝ ነበር።

እሷ፦ ያ ጥፋት የእኔ ነው። የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳየው የከፍታ መስመር የሚታተመው በቡናማ ነው፣ ውኃ በሰማያዊ። እኔ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ በጥቁርና ነጭ ኮፒ አባዛሁት፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ክር ሆኑ። አዲስ ሰው ደግሞ ሲሳሳት "ካርታው ነው" አይልም፤ "እኔ አልችልም" ብሎ ይቀራል። አሁን ካርታው ትንሽ ቢሆንም ባለቀለም ነው።

እሱ፦ ቀለሙም ቢሆን ያሳስታል። ነጩን ባዶ ሜዳ መስሎኝ ነበር።

እሷ፦ ሁሉም እንደዚያ ይመስለዋል። ነጭ ማለት በቀላሉ የሚሮጡበት ጫካ ነው፤ ገላጣው ቦታ ቢጫ ነው። አረንጓዴው እየጠቆረ ሲሄድ ጫካው እየጠጠረ ይሄዳል።

እሱ፦ ታዲያ የቡና ማሳ ምን ቀለም ይሁን? በጅማ ይህን ሳንመልስ ማደር አይቻልም።

እሷ፦ (ትስቃለች) ቅርንጫፉ ፊትህን ስለሚገርፍ አረንጓዴ ልልህ ነበር። ግን የሰው ማሳ ነው፤ የሰው ማሳ ክልክል ተብሎ ይሠመርበታል። በቀይ ቡና ለቀማ ጊዜ ሃያ ልጅ ይዘህ ብትገባ ባለቤቱ ዱላ ይዞ ነው የሚቀበልህ፤ እውነትም አለው።

እሱ፦ እሺ፣ ሌላ ነገር። እኛ መንገድ የምንጠይቀው ሰውን ነው። "ከመስጊዱ ዝቅ ብለህ፣ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ስትደርስ በግራ።" ካርታ አይተን የምንሄድ ሰዎች አይደለንም።

እሷ፦ ሁለት ልጆች ሦስተኛውን ምልክት እንዴት እንዳገኙት ታውቃለህ? ጀበና ጥደው የነበሩ ሴትዮ ጠይቀው።

እሱ፦ ሰረዝሻቸው?

እሷ፦ አልሰረዝኳቸውም። ሴትዮዋ ያሏችሁን ድገሙልኝ አልኳቸው። "ከአጥሩ ዳር ዳሩን፣ ቦዩን ተሻግራችሁ፣ ከትልቁ ዋርካ ማዶ" ብለዋቸዋል። "በሉ አጥሩን አሳዩኝ፣ ቦዩን አሳዩኝ" ስል አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ካርታ ማንበብ አያውቁም ብዬ ነበር፤ ለካ በጆሮ ሲያነቡት ኖረዋል። ከዚያ ወዲህ ኮምፓሱን መጀመሪያ ቀን አላወጣውም። ወረቀቱን ከመሬቱ ጋር ማገጣጠም፣ ያለህበትን በአውራ ጣትህ ይዞ መሄድ፤ ለጀማሪ ይኸው ይበቃል።

እሱ፦ አንቺ የጀማሪ ነገር ሲሆን በጣም ታቀልያለሽ። እኔ ሰው ካልተፈተነ ይሰለቸዋል ባይ ነኝ።

እሷ፦ ታሪኩን ልንገርህ። በኖርዌይ ኦስሎ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1897 የተደረገው ለሕዝብ ክፍት የሆነ የመጀመሪያው ውድድር ርቀቱ 19.5 ኪሎ ሜትር ነበር፤ ምልክቱ 3 ብቻ።

እሱ፦ ሦስት? በመካከሉ ሰው ያረጃል።

እሷ፦ ኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ስዊድናዊው ሻለቃ ኧርነስት ኪላንደር፣ ወጣቱ ከሩጫ ሜዳ እየራቀ መሆኑ አሳስቦት፣ ስቶክሆልም አጠገብ ናካ በተባለ ቦታ ውድድር አዘጋጀ። ከ200 በላይ ሰው መጣ። ስለዚህ አዲስ ሰው መሳብ ለዚህ ስፖርት ኋላ የመጣበት ጣጣ አይደለም። ክብ ሜዳ መዞር የሰለቸውን ልጅ እያሰበ እንዲሮጥ ብሎ ነው ሰውየው የደከመው። ዛሬ በስዊድን ኦ ሪንገን የሚባል የአምስት ቀን ውድድር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የሚካሄድ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ይመጣል፤ አያትና የልጅ ልጅ እያንዳንዳቸው የአቅማቸውን መስመር ይሮጣሉ። ቀላሉ መስመር ከመንገድ እንኳ አያስወጣም፤ የመንገዱ መታጠፊያ ሁሉ ላይ ምልክት አለ። ፈተናው ለፈለገ ሰው ጅሬን አለልህ! በከፍታ መስመሩ ላይ ቀጥ ብለህ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትወጣለህ ወይስ ዞረህ በመንገዱ? ፈጣኑ ሯጭ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሲተነፍስ፣ ካርታ ያነበበችው ልጅ በዙሪያው ሄዳ ቀድማው ትገኛለች።

እሱ፦ ይህን ያየሁት በራሴ ላይ ነው፤ አትጨምሪበት። ሴቶቹን ግን እንዴት አመጣሻቸው?

እሷ፦ ሁለት ሁለት አድርጌ። ብቻዋን ቁጥቋጦ ውስጥ ግቢ ብትላት እናቷ አትፈቅድም፤ እኔም አልፈቅድም። ሁለት ሲሆኑ ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ፣ ቢጠፉም አብረው ይጠፋሉ። ሰዓትም አልይዝባቸውም። የምጠይቀው ስንተኛ ወጡ ሳይሆን የት ጋ እንደተሳሳቱ ነው። ሲጨርሱ ዳቦና ሻይ አለ፤ ካርታ ዘርግተው "እኛ በዚህ ሄድን፣ እናንተስ?" የሚባባሉት እዚያ ላይ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ የሚመልሳቸው ይህ ጭቅጭቅ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ሻዩን አላስቀርም።

እሱ፦ ከስምንቱ ጨርቅ አንዱ ጠፍቶ ነበር። ተገኘ?

እሷ፦ ተገኘ። እዚያው ሰፈር አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ስገባ ረከቦቱ ላይ፣ ሲኒዎቹን ሸፍኖ።

እሱ፦ ምን አልሻቸው?

እሷ፦ ምን እላለሁ? ሦስተኛውን ጠጥቼ ስጨርስ ጨርቁ ለምን እንደሚያገለግል ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና "እንግዲያው እኔ ሳልፈልገው አገኘሁት ማለት ነው" አሉ።

እሱ፦ ተመዘገቡ?

እሷ፦ ቅዳሜ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሊመጡ ነው። ጨርቁን ግን አልመለሱም።