ያቺ የመጀመሪያዋ መስመር
(በኮሎራዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አዳኞች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ አባላት፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ በዚህ በረዶ ከኮሎራዶ ስፕሪንግስና ከፎርት ኮሊንስ ድረስ የነዳችሁ ሁሉ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ ስለ ጠመንጃ አላወራም። ስለ ድንኳንም አላወራም። የማወራው ስለ አንዲት መስመር ነው። ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን በምንሞላው የዕጣ ማመልከቻ ላይ «የመጀመሪያ ምርጫ» ስለምትለዋ መስመር።

እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን አሜሪካ የገባነው በዲቪ ነው። ዲቪ ላይ አሥር ጊዜ ሞክሮ ያልደረሰውም፣ ዘንድሮ የጀመረውም እኩል ነው። ሞልተህ ትልካለህ፣ ጸልየህ ትጠብቃለህ። የኤልክ ዕጣንም እንደዚያ አድርገን ያዝነው። «ካለልን ይወጣል» እንላለን። ይህ አባባል ስንት ዓመት እንዳስከፈለን እኔ አውቃለሁ።

የኮሎራዶ ዕጣ ወረፋ አለው። በመጀመሪያ ምርጫህ ላይ ያልደረሰህ እንደሆነ አንድ ፖይንት ይጨመርልሃል። በሚቀጥለው ዓመት ፖይንቱ የበዛ ሰው ይቀድማል። እኩል ከሆኑ ኮምፒውተሩ የሰጣቸው ቁጥር ይለያቸዋል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን። የምንስተው ቀጥሎ ያለውን ነው። የስቴቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት፣ ኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ፣ መጀመሪያ የሁሉንም ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ይጨርሳል። ሁለተኛ ምርጫን የሚያየው ከዚያ በኋላ፣ በተረፈው ታግ፣ ማለትም በተረፈው የአደን ፈቃድ ላይ ነው። ፖይንት የሚሠራው በመጀመሪያ ምርጫ ላይ ብቻ ነው። የሚቃጠለውም እዚያው ብቻ ነው።

ይህን ሳናውቅ የሆነውን ልንገራችሁ። ከመካከላችን አንድ ወንድማችን ዘጠኝ ፖይንት ነበረው። «ዘንድሮ እንኳ ልውጣ» ብሎ ዜሮ ፖይንት ያለው ሰው የሚያገኘውን ዩኒት፣ ማለትም የአደን ክልል፣ በመጀመሪያዋ መስመር ጻፈ። ደረሰው። ዘጠኙም ፖይንት ሄደ። ያንኑ ዩኒት ሁለተኛ መስመር ላይ ጽፎት ቢሆን፣ መጀመሪያው ላይ ደግሞ ታግ ሳይጠይቁ ፖይንት ብቻ የሚያስጨምረውን ኮድ አስገብቶ ቢሆን፣ የማግኘት ጥሩ ዕድል ነበረው። ኤልኩን አድኖ አሥረኛውን ፖይንት ይዞ ይመለስ ነበር። ሲነግረኝ ሆዴ ነው የተቃጠለው፤ ያን ጊዜ እኔም ብሆን አላውቅም ነበር።

ግን ሁለተኛ ምርጫ ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ሁሉም የሚፈልገውን ዩኒት ሁለተኛ ላይ መጻፍ ባዶ መስመር እንደመተው ነው፤ ታጉ በመጀመሪያ ምርጫ ያልቃልና። ከመጀመሪያው ዙር የሚተርፍለትን ዩኒት ፈልጉ። መሥሪያ ቤቱ ያለፈውን ዓመት ውጤት በየዩኒቱ ያወጣል። ስንት ሰው በስንት ፖይንት እንዳመለከተ፣ ስንቱ እንደደረሰው ተጽፏል። ሰንጠረዡ ሲያዩት ያስፈራል። አንድ ምሽት ብትሰጡት ግን ይገባችኋል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። አብሮ ማመልከት። እኛ ለብቻ መብላት እንኳ የማንወድ ሰዎች ነን፣ ለብቻ ማደን እንዴት ይሆንልናል? ግን በኮሎራዶ በቡድን ስታመለክቱ ቡድኑ የሚቆጠረው ዝቅተኛ ፖይንት ባለው ሰው ነው። አማካይ አይወሰድም። እኔ አምስት ፖይንት ይዤ ዜሮ ያለውን የእህቴን ልጅ ብጨምር፣ ሁለታችንም ዜሮ ነን። በዚያ ላይ ለሦስት ሰው አመልክታችሁ ሁለት ታግ ብቻ ከቀረ ቡድኑ በሙሉ ይታለፋል። እኔ ከእህቴ ልጅ ጋር ያንን አድርጌ አንድ ወቅት ሙሉ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ቢሆንም አዲስ ሰው አትያዙ አልልም፤ እንደዚያ ካልንማ ይህ ማኅበር ለምን ተቋቋመ? የምለው፣ በቡድን ስትገቡ ዜሮ ፖይንት የሚበቃውን ዩኒት ምረጡ። ፖይንት ያላችሁ ግን ለብቻችሁ አመልክታችሁ፣ ታግ የሚተርፍለት ከሆነ ያንኑ ዩኒት በሁለተኛ መስመር ጻፉ። የቆጠባችሁት አይነካም፣ ልጁም ተራራውን ያያል።

በሰሜን ምዕራብ ስላሉት 2፣ 10 እና 201 ዩኒቶች በየዓመቱ ትጠይቁኛላችሁ። ትልልቅ ወንድ ኤልክ አለባቸው፣ እውነት ነው። በዋናዎቹ ወቅቶች ከ20 ፖይንት በላይ ይጠይቃሉ። ዕቁብ ቢሆን ኖሮ የታገሠ ሰው አንድ ቀን ይደርሰዋል፤ አባላቱ የታወቁ ናቸውና። በዚህ ወረፋ ግን ከፊትህ የቆመው ሰው ከታጉ እጅግ ይበልጣል። አንድ ዩኒት በዓመት 10 ታግ አለው፣ ከፍተኛው ፖይንት ላይ 200 ሰዎች ቆመዋል እንበል። እነሱን ብቻ ለመጨረስ 20 ዓመት ነው። አንተ ከኋላቸው በየዓመቱ አንድ ፖይንት ትጨምራለህ፣ እነሱም ያልደረሳቸው ይጨምራሉ። በ45 ዓመቱ ዛሬ ከዜሮ የሚጀምር ወንድሜ ያንን እንዲያሳድድ አልመክርም። ጉልበት እያለህ ሂድ።

ደግሞ ብዙዎቻችን የምንፈልገው ሥጋውን ነው። ኤልክ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው። የሴት ኤልክ ታግ ደግሞ በብዙ ዩኒት በቀላሉ ይገኛል። በወንዱ ቀንድ ብቻ አንታሠር።

ኒው ሜክሲኮ ላይ ለምታመለክቱ አንድ ቃል። እዚያ ፖይንት የሚባል የለም። ቁጥራችሁ ሲወጣ ሦስቱንም ምርጫችሁን በተራ ያዩላችኋል። አውትፊተር፣ ማለትም የአደን መሪ ድርጅት፣ ሳይቀጥር ለሚያመለክት የውጭ ስቴት ነዋሪ የሚደርሰው ግን ከመቶ 6 ብቻ ነው። የአንዱን ስቴት ብልሃት ለሌላው አትውሰዱት።

በዋናው ዕጣ ያልደረሳችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ጁን ላይ ሁለተኛ ዕጣ አለ፣ ፖይንት አይነካም። ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች እዚያ ቅድሚያ አላቸው። ልጆቻችሁን አስመዝግቡ፣ እባካችሁ። የአዳኝነት ትምህርቱን፣ ሀንተር ኤጁኬሽንን፣ አሁኑኑ ይጀምሩ።

ዋናው ማመልከቻ የሚዘጋው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ ይውላል። ስለ ሥጋ በማናስብበት ሰሞን ስለሆነ ይረሳል። ስለዚህ የማርች የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ አዳራሽ እንገናኝ። እኔ ላፕቶፕና ያለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ ይዤ እመጣለሁ። እናንተ መሥሪያ ቤቱ የሰጣችሁን የደንበኛ መለያ (ሲአይዲ) ቁጥራችሁንና የፖይንታችሁን ብዛት ይዛችሁ ኑ። ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ቁጭ ብዬ ያቺን መስመር አብረን እንሞላለን። የቸኮለ ካለ ዛሬም ከምሳ በኋላ እቆያለሁ።

ስብሰባው ተከፍቷል። ጸሐፊያችን የዓመቱን ሪፖርት ታቅርብልን።